አምፕሊፋየሩ የሚጀምረው ከሶኬቱ ነው

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎችና ለጀማሪ ጠጋኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ገለበጥኩት። "እንትን" የምትለዋን ቃል ቀነስኩ እንጂ ሌላውን ብዙም አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? ዳኤ ቡሹ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ። ይሄ ማይክ የአዳራሹ ነው፤ ቢጮህብን በእኔ እንዳታሳብቡ።

ቅዳሜ ከሰዓትን፣ ያውም ኳስ ባለበት ቀን፣ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እናቶችም አያለሁ። ልጃችሁ ሳሎን ውስጥ ሽቦ እያዝረከረከ አስቸግሯችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ ጠበቃው ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የኮምፔንሳቶ ሳጥን ታያላችሁ። አጠገቡ የድሮ ቢጫ አምፖል ከነመያዣው አለ። እዚህ ጋ ደግሞ የተጣጠፈ ነጭ ዳንቴል። የሦስቱንም ምክንያት ቀስ ብላችሁ ትሰማላችሁ።

የዛሬው ጉዳይ በትንሽ ገንዘብ በእጃችን የምንሠራው አምፕሊፋየር ነው። አራት ነገር እነግራችኋለሁ። ስለ ዋት፣ ስለ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም መብራቱን አዘጋጅቶ ለአምፕሊፋየሩ ስለሚያቀርበው ክፍል፣ ስለ ቺፑና ስለ ሙቀቱ፣ በመጨረሻ ስለ ሽቦ አዘረጋግ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ለምን? በእጅ ተሠርተው፣ ተበላሽተው እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ አብዛኞቹ ሕመማቸው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። አምፕሊፋየር ምን ይሠራል? አንተ፣ ቀይ ሹራብ የለበስከው። "ድምፅ ያሳድጋል።" እሺ። ሁላችንም እንደዚያ ብለን ነው የጀመርነው። አያሳድግም! ከስልካችሁ የወጣው ሲግናል ራሱ ስፒከሩ ጋ አይደርስም። በር ላይ ይቀራል።

እንዲህ አስቡት። ግቢያችሁ ውስጥ ሮቶ አለ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሮቶው ይሞላል፤ ታች ቧንቧውን ትከፍታላችሁ። ቧንቧውን የሚያዞረው እጃችሁ ነው። ባልዲው የሚሞላው ግን በእጃችሁ ጉልበት ነው? አይደለም። በሮቶው ውሃ ነው። አምፕሊፋየር ቧንቧው ነው። ስልኩ እጁ ነው። ውሃው ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው መብራት ነው። ስፒከሩ የሚጠጣው መብራት ነው፣ በዘፈኑ ልክ እየተቆረሰ። ታዲያ ሮቶው ባዶ ከሆነ ቧንቧው የወርቅ ቢሆን ምን ይጠቅማል? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ይጠቅማል?

እሺ። አንደኛው፣ ዋት።

አንድ ጎረምሳ ሱቄ መጣ። "ጋሼ፣ 1200 ዋት ቴፕ ተበላሽቶብኛል" አለኝ። እውነትም ፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም 1200 ዋት ተጽፎበታል። ከሥሩ በደቃቁ "ፒኤምፒኦ" ይላል፤ ለአንዲት ቅጽበት ይወጣል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ገለበጥኩና ጀርባውን አሳየሁት። እዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ነው ይላል። "ልጄ፣ 60 ብር ይዘህ ገበያ ወጥተህ የ1200 ብር ዕቃ ይዘህ ትገባለህ?" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ልጁ የከፈለው ለ1200 ነው።

ስለዚህ ከፊት የተጻፈውን ተዉት፤ ጀርባውን አንብቡ።

ለአንድ ሳሎን ስንት ዋት ይበቃል? ጆሯችን ተንኮለኛ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት ጭማሪ በድምፅ መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ10 ወደ 20 ዋት ሄዳችሁ ልዩነቱ "ትንሽ ጨመረ እንዴ?" የሚያሰኝ ነው። ድምፁ ለጆሯችሁ እጥፍ እንዲሆን ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ካላችሁ በ10 ዋት 100 ዴሲቤል ይሰጣችኋል። 100 ዴሲቤል ሳሎን ውስጥ ማለት ጎረቤት በር አንኳኳ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። 84 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከርና 90 የሚሰጥ ስፒከር ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ደካማው እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ዋት ይበላል። ጥሩ ስፒከር ነፃ ዋት ነው። ከድሮ ዴክ የተፈታ ደህና ስፒከር ካገኛችሁ አትልቀቁት። እኛ ዛሬ የምንሠራው በአንድ ቻናል 12 ዋት ገደማ ነው። ለሠርግ ድንኳን አይሆንም። ለዚያ ሞንታርቦ ተከራዩ።

ሁለተኛው። ፓወር ሰፕላይ። አሁን ጎርደድ ማለቱን ትቼ ልቁም።

ቺፑ ርካሽ ነው። የአንድ ሰው ምሳ አይሞላም። ቲዲኤ 2030ኤ ይባላል፤ አምስት እግር አለው። ገንዘቡን የሚበላው 220ውን ቮልት የሚያወርደው ትራንስፎርመሩ ነው። ሰው ምን ያደርጋል? ቺፑን ሁለት ሦስት ይገዛል፣ ቦርዱን ያሳምራል፣ የሚያበራ ሰማያዊ መብራት ይገጥምለታል፤ ከዚያ ገንዘቡ ሲያልቅበት ከሬዲዮ ውስጥ የወጣች የእንቁላል የምታክል ትራንስፎርመር ይሰጠዋል። ከዚያ "ቤዙ ይንተባተባል" ብሎ እኔ ጋ ይመጣል። ይንተባተባል እንጂ! አልበላማ!

የምትፈልጉት 12-0-12 የሚባለውን ነው፤ ሦስት ሽቦ የሚያወጣውን። አምፔሩ 2 ወይም 3 ይሁን። 12 ቮልቱ መብራትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ አልፎ ካፓሲተር ላይ ሲጠራቀም በ1.41 ይባዛል፤ 17 ይሆናል። ዳዮዱ አንድ ያህል ይወስዳል። 16 ቀረን። ከመሀሉ ሽቦ ወደ ላይ ፕላስ 16፣ ወደ ታች ማይነስ 16። ቺፑ ለራሱ 2 ቮልት ያህል ያስቀርና 14ቱን ለስፒከሩ ይሰጣል። 14 ሲባዛ በ14፣ 196። ስፒከራችን 8 ኦም ነው፤ ለእሱ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ለ16 አካፍሉት። 12 ዋት ከምናምን። ይኸው። ዋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ ከሚለጠፈው ጽሑፍ አይደለም።

"ታዲያ 18-0-18 ብናደርገውስ? ቮልቱ ሲጨምር ድምፁ ይጨምር የለ?" የሚል አለ። አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። 18 በ1.41፣ 25 ቮልት። ይህ ቺፕ የሚችለው 22 ነው። መጨረሻ ላይ "ኤ" የሌላት ታናሽ እህቱ ደግሞ 18 ብቻ ነው የምትችለው። ያቺን "ኤ" እንዴት እንዳወቅኳት ልንገራችሁ። ከሐዋሳ መርካቶ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡስ ሄድኩ፣ አሥር ፍሬ ገዛሁ፣ በደስታ ተመለስኩ። ማታ ከፍቼ ባይ ሁሉም "ኤ" የላቸውም። 16 ከ18 ያንሳል ብዬ ሁለቱን ገጠምኳቸው። ሂሳቡ ልክ ነበር። ግን ትንሽ ትራንስፎርመር ሳይጫን ባዶውን ሲሆን ቮልቱ ከተጻፈው ከፍ ይላል። የሰፈራችን መብራት ደግሞ ሌሊት ላይ፣ ሰው ሁሉ ምጣዱን ነቅሎ ሲተኛ፣ ከ220 ይዘላል። 16 ያልኩት 19 ሆኖ አደረ። ጠዋት ላይ ሁለቱ ቺፖች ሞተው አገኘኋቸው። በመልቲሜትር ለኩ እባካችሁ። ባዶውን ለኩ፣ ማታም ለኩ።

አሁን ወደ ሮቶው። ሮቶው ካፓሲተሩ ነው። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በብሪጁ፣ ማለትም በአራቱ ዳዮድ፣ ሲያልፍ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል። በሁለት ሙሌት መሀል ያለችው የመቶኛ ሰከንድ ፈረቃ ናት። ውሃ የጠፋባት ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ስፒከሩ የሚጠጣው ከካፓሲተሩ ብቻ ነው።

ቁጥር ልስጣችሁ። አምፕሊፋየሩ 1 አምፔር እየጠጣ፣ ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በግምት 10 ቮልት ይወርዳል። ከ16 ላይ 10! ምን ቀረ? 4700 ብታደርጉት ግን 2 ቮልት ያህል ብቻ ነው የሚወርደው። ቤዝ ሲመታ የሚሰማችሁ ያ መንተባተብ እሱ ነው። ሮቶው በየመቶኛ ሰከንዱ እየደረቀ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወገን 4700፣ ቮልቱ 35 የሆነ። 25 የተጻፈበትም ይሠራል፤ እኔ ግን 35 ነው የማደርገው። ፊውዙን ደግሞ ከትራንስፎርመሩ በፊት፣ በፌዙ ሽቦ ላይ። ያለ ፊውዝ የሠራ ልጅ እዚህ አለ? እጅ አታውጡ፣ እናቶቻችሁ ይሰማሉ።

ውሃ እንጠጣ።

ሦስተኛው፣ ቺፑ። ይሄ ቺፕ ብቻውን ቢተው በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚያጎላ ዕብድ ነው። የምናስረው የመብራቱን ፍሰት በሚገድቡ ሁለት ሬዚስተሮች ነው። አንዱ 22 ኪሎ ኦም፣ አንዱ 680 ኦም። ከመውጫው ላይ ትንሽ ተቆርሶ ወደ ሁለተኛው እግር ይመለሳል። ቺፑ ያወጣውንና የተሰጠውን እያስተያየ ራሱን ያርማል። አስሉት፤ 33 እጥፍ ይመጣል። ከስልክ የሚወጣው ሦስት አሥረኛ ቮልት ያህል ስፒከሩን እስከ ጥግ ይነዳዋል።

የዚህ ሐሳብ አባት ሃሮልድ ብላክ ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1927 ጠዋት በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ኒው ዮርክ ወዳለው ሥራው፣ ቤል ላቦራቶሪ፣ ይሄዳል። ለዓመታት የስልክ መስመር ማጉያዎች ድምፅ እያበላሹ አስቸግረውታል። መሀል ወንዝ ላይ መፍትሔው መጣለት። ወረቀት የለውም። ይዞት በነበረው ጋዜጣ፣ ሳይታተምበት በቀረ ባዶ ቦታ ላይ ሣለው። ያጎላኸውን መልሰህ ቀንስ፤ መበላሸቱም አብሮ ይቀንሳል። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ እስኪያምነው 1937 ሆነ። እኛ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጀልባ ስንሳፈር ሰልፊ ነው የምንነሳው። ይሁን። ያቺ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ግን የዚያ ጋዜጣ ልጅ ናት፤ ስትበይዷት ሰላም በሏት።

አንድ ሌላ ነገር በአጭሩ። መውጫው ላይ 1 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ወደ ግራውንድ፣ ወደ ዜሮ ቮልቱ ነጥብ፣ ይወርዳሉ። "ይሄ ምን ይሠራል? ያለሱም ይዘፍናል" ብላችሁ እንዳትዘሏት። ያለሷ ቺፑ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ለራሱ ይጮኻል። ዘፈን ሳይኖር የሚግል አምፕሊፋየር ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ ጋ ነው የምትሄዱት።

አሁን ሙቀት። በዚህ ቮልት፣ በ8 ኦም ስፒከር፣ አንድ ቺፕ ሲብስበት ወደ 6 ዋት ተኩል ሙቀት ያወጣል። ሁለቱ 13። የሚገርመው፣ በጣም የሚግለው እስከ ጥግ ሲጮህ አይደለም፤ መካከለኛው ላይ ነው። በ4 ኦም ስፒከር ከሆነ ደግሞ እጥፍ አድርጉት። ሂት ሲንክ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣውን ብረት፣ መግዛት የለባችሁም። ከሞተ ኮምፒውተር ላይ የሲፒዩውን ፍቱ። ያ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ ኮምፒውተር የሞተበት ሰው አላውቅም ነበር። ወፍራም አሉሚኒየም ፈለግሁ። የት አለ? ማድ ቤት አለ። የእማዬን የድስት ክዳን በመጋዝ ቆረጥኩት። እውነቴን ነው። ሁለት ቀን ፈልጋው ሦስተኛው ቀን ሳሎን ውስጥ፣ አምፕሊፋየሬ ጀርባ ላይ፣ በብሎን ታስሮ አገኘችው። ምንም አላለችም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ የእህቴ ምርቃት ደረሰ። ዘመድ ሞልቷል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ ሙዚቃው በእኔ አምፕሊፋየር ነው። ሃያ ደቂቃ ሄደና ዝም አለ። "መብራት ሄደ?" ተባለ። አልሄደም፣ አምፖሉ በርቷል። ሮጬ ሄድኩ፣ አነሳሁት፣ ነካካሁት፣ ዘፈነ። ተጨበጨበልኝ። ሃያ ደቂቃ፣ እንደገና ዝም። እንደገና ሮጥኩ፣ እንደገና ዘፈነ። ሦስተኛው ላይ አጎቴ "ተወው፣ ይሄ ዕቃ ሰው ይፈራል" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ማታ ሰው ሲሄድ ነው የገባኝ። እማዬ እንግዳ ይመጣል ብላ፣ ያ አስቀያሚ ሳጥን እንዲያምር፣ ዳንቴል አልብሳው ነበር። ይሄን ዳንቴል። ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው። የአየር ቀዳዳዎቹ በሙሉ ተደፍነዋል። ቺፑ ውስጡ 150 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። እያጠፋ ነበር። እኔ በሮጥኩ ቁጥር ዳንቴሉን አንስቼ፣ ነካክቼ፣ እስከዚያ ቀዝቅዞልኝ፣ መልሼ አለብሰው ነበር። በገዛ እጄ! "እማዬ፣ ያጠፋው ዳንቴልሽ ነው" አልኳት። "እሰይ! ለክዳኔ" አለችኝ።

ሌላ፣ እንዳልረሳው። የቺፑ ጀርባ፣ ያ ብሎን የሚያልፍበት ብረት፣ ከሦስተኛው እግር ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛው እግር ማይነስ 16 ነው። እና ቺፑን በቀጥታ ከብረት ሳጥን ጋር ካሰራችሁት፣ ሳጥኑም ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ፣ ማይነሱን በብሎን ሾርት አደረጋችሁት ማለት ነው። መሀሉ መብራት የማያሳልፍ ስስ ማይካ ይግባ። ብሎኑ ላይ የፕላስቲክ ቡሽ፣ ማይካው ላይ ነጩ የሙቀት ቅባት። የጥርስ ሳሙና አይደለም! ሰምታችኋል፣ የጥርስ ሳሙና አይደለም። ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ስለ ተዘጋጁት ትንንሽ ክላስ ዲ ቦርዶች፣ በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ስለሚያጎሉት፣ የጠየቀኝ ነበር፣ በር ላይ። ጥሩ ናቸው። ብዙም አይሞቁም፤ በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራሉ፤ ሶላር ላለው ቤት ከዚህ የሚሻለው እነሱ ናቸው። ለዛሬ ማታ ሙዚቃ ከፈለጋችሁ እሱን ግዙ፣ አልቀየማችሁም። ሲበላሽ ግን ጥፍር በምታክል ቺፕ ላይ ምን እንደምትነኩ እናያለን።

አራተኛው፣ ሽቦ። ሰዓት ስለሄደ አሳጥራለሁ። አምፕሊፋየር ሠርታችሁ ሳይዘፍን "ኡኡኡ" የሚል ከሆነ ጆሯችሁን ስጡት። ለስለስ ያለ "ኡኡኡ" ከሆነ በሰከንድ 50 ጊዜው ነው፤ ትራንስፎርመሩ ከሲግናሉ ሽቦ ጋር ተጠጋግቷል፤ አርቁት ወይም አዙሩት። ሻካራ "ዝዝዝ" ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜው ነው፤ የግራውንድ ጣጣ ነው።

እኔ አንዱን ሁለት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ቺፕ ቀየርኩ፣ ሽቦውን በፎይል ጠቀለልኩ። ዝዝዝ። መጨረሻ ላይ የቮሊዩሙን ግራውንድ ሽቦ በጣቴ ተከትዬ ሄድኩ። የበየድኩት ከትራንስፎርመሩ መሀል ሽቦ ወደ ካፓሲተሮቹ በምትሄደው መንገድ ላይ ነው። በዚያ ሽቦ ውስጥ በሰከንድ 100 ጊዜ የሙሌት ጎርፍ ያልፋል። እኔ ደግሞ የስልኩን ሲግናል የማስተያየው ከዚያ ጎርፍ ጋር ነው። ነቅዬ አራት ሴንቲ ሜትር ወደዚያ፣ ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከሚገናኙበት ነጥብ በኋላ ወሰድኩት። ፀጥ። ሁለት ሳምንት ለአራት ሴንቲ ሜትር! ግራውንዶችን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቡ። የቮሊዩሙ ለብቻው፣ የስፒከሩ ለብቻው፣ ሁሉም በየራሱ ሽቦ እዚያች ነጥብ ይምጣ።

አራት ብዬ ነበር። አምስተኛ አለ፣ ይቅርታ። አምፖሉ።

አዲስ የሠራችሁትን በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩ። በጭራሽ። 60 ዋት የድሮ ቢጫ አምፖል በሲሪየስ፣ መብራቱ በእሱ አልፎ እንዲመጣ፣ በፌዙ ሽቦ ላይ አስገቡ። ኤልኢዲ አይሆንም፤ ሽቦው የሚግለው የድሮው ነው የሚሆነው። እየጠፉ ነውና ስታገኙ ሁለት ሦስት ግዙ። ስትሰኩት አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሩ ሞልቶ ነው፤ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ ንቀሉት። አምፖሉ ግን ከ220 አያድናችሁም። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ነቅላችሁም ካፓሲተሩ አሁንም ሙሉ ነው፤ በ100 ኦም ሬዚስተር አፍስሱት፣ በካቻቢቴ ሾርት አታድርጉት። ስፒከር ከማገናኘታችሁ በፊትም መውጫውን ለኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፣ ከ50 ሚሊቮልት በታች። 16 ካነበባችሁ ስፒከሩ በሰከንዶች ይቃጠላል።

ይሄኛውን ትናንት ማታ ጨርሼ ነው ያመጣሁት። አንድም ጊዜ አልተሰካም። ሆን ብዬ ነው። ማን ይሰካልኛል? አንቺ፣ ከኋላ፣ ማስታወሻ ስትጽፊ የነበርሽው። ነይ፣ ነይ አትፍሪ። እንዲህ ቁሚ፣ ግራ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ። ሌሎቻችሁ ስፒከሩን አትዩ፣ ገና አልተገናኘም። አምፖሉን እዩ። መብራቱን አጥፉልን እስቲ፣ የአዳራሹን።

እሺ። ስኪው።